ጠበል የተረጨው አውሮፕላን

ቆይ ቆይ፣ አልበረረም ያለው ማነው? "በእጃቸው ወርውረውት ነው" ያለውስ? ኧረ ባካችሁ! ድንጋይ ነው እንዴ? እኔ ቢኒ ጎሚስታ ነኝ። ከቀጨኔ እስከ ሸጎሌ ጎማው ፈንድቶ እጄ ያልነካው መኪና ካለ ባለቤቱ ወይ ዲፕሎማት ነው ወይ ውሸታም። እና እኔ በገዛ እጄ የገጣጠምኩት... እሺ፣ እሺ፣ ከወንድሜ ጋር የገጣጠምነው አውሮፕላን በርሯል። ሞተር አለው፣ ጭራ አለው፣ ሪሞት አለው፣ ክንፍ አለው። ክንፉ ላይ ትንሽ ነገር ደርሶበት ነበር፣ አልክድም፣ እመጣበታለሁ። "እናትህ ጠበል ረጭታ አበላሸችው" የምትሉት ደግሞ አፋችሁን ሰብስቡና ስሙኝ። ያ ጠበል ባይረጭ ኖሮ ዛሬ ወሬው ሌላ ነበር።

ስጽፍ ፊደል ብስት አትሳቁ። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ነው። ያቆምኩትም ሰንፌ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ እኔን መያዝ ስላልቻለ ነው። በቃ፣ ወደ ነገሩ።

ታላቅ ወንድሜ ሲሳይ መወጣጫ አሳሪ ነበር። ሕንፃ ሲሠራ ከውጪ በኩል በአጠናና በጣውላ የሚታሰረው አለ አይደል፣ ሠራተኛው የሚንጠላጠልበት? እሱን ነው የሚያስረው። እኔ ደረጃ ስወጣ ግድግዳ በምይዝበት ከፍታ ላይ እሱ እያፏጨ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን የረገጣት ጣውላ ከሥሩ ሄደች። አብሮት የሚሠራው ልጅ "አስሬያታለሁ፣ እለፍ" ብሎት ነበር። አላሰራትም።

ነፍሱ ተረፈች፣ እግሩ ብረት ገባበት። ሐኪሙ "ውጣ፣ ተራመድ፣ እግርህ ሥራ ይልመድ" አለው። ሲሳይ ግን ከግቢው በር ወዲያ አንዴ ወጥቶ ተመለሰና በቃ አለ። ለምን? ሰፈሩ ሁሉ "አይዞህ" እያለ ጨረሰው! ባለሱቋ "አይዞህ"፣ ጥበቃው "አይዞህ"፣ ድሮ በነገር የሚያቆስላቸው ጓደኞቹ ሁሉ አንገታቸውን ሰበር አድርገው "አይዞህ ሲሳይ"። ከዛ ወዲህ ጠያቂ ሲመጣ "ተኝቷል በሉ" ይላል። ክራንቹ ጥግ ተደግፎ አቧራ ጠጣ። እማዬ ስታለቅስ እንዳያያት ጓዳ ትገባለች፣ እኔ ደግሞ እሷን እንዳላይ ወደ ጎሚስታ ቤቴ እሮጣለሁ። ቀልድ የማውቀውን ያህል ቀለድኩ፣ አልሳቀም። እኔ ቀልጄ ሰው አልስቅ ሲለኝ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው፣ ብታምኑም ባታምኑም።

ይሄኔ ነው አንድ ደንበኛዬ ቤት ሲቀይር "ልጆቹ አድገዋል፣ ውሰደው" ብሎ ረጅም ካርቶን የሰጠኝ። ተሸክሜ ገባሁና የሲሳይ አልጋ ላይ ዘረገፍኩት።

"ምንድነው?" አለ።

"አውሮፕላን።"

"ጎማ ነፍተህ ነፍተህ አሁን ደግሞ አየር መንገድ ልትከፍት ነው?"

እንግሊዝኛ ከእኔ ይሻላል፣ ሕንፃ የሚሠሩበት ሳይት ላይ ለምዷል። ካርቶኑን አገላብጦ አየና "ሊበር ትንሽ ነው የቀረው ይላል" አለኝ።

"እንዴት ትንሽ?"

"ክንፉ አልተገጠመም፣ ጭራው አልተገጠመም፣ ሞተሩ አልተሰካም።"

"እንደ ኮንዶሚኒየም ማለት ነዋ! ቁልፍ ይሰጥህና በሩን አንተ ትገዛለህ።"

ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ሳቅ አልነበረችም፣ የሳቅ ዘመድ ነበረች።

ያን ሳምንት ከሥራ ስመለስ አልጋው ላይ እየተቀመጥን ገጣጠምን። አካሉ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ እንደሚመጣው ዓይነት ነጭ ፎም ነው፣ ቅልል ያለ። ጭራውን የምታዞረው ሞተር የክብሪት ቀፎ ታክላለች፣ ሰርቮ ነው ስሟ። ከእሷ ወደ ጭራው ቀጭን ሽቦ ይሄዳል። እኔ አፍንጫው ላይ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ መጀመሪያ ልግጠም ብዬ ስነሳ እጄን ያዘኝ።

"እሱ መጨረሻ ነው። ስንሞክረው ቢነሳ ጣትህን ይዞልህ ይሄዳል።"

"ጎማ ያልገባለት መኪና ደግሞ..."

"ቢኒ፣ አስቀምጥ።"

እሱ እንዲህ ነው። አንድ ብሎን ካሰረ በኋላ ጎተት ያደርጋል። ከዛ ደግሞ ጎተት ያደርጋል። "ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን ስትጎትት ልትውል ነው?" ብዬ አሾፍኩበት።

ባትሪ ሰክተን ሪሞቱን የነካ ቀን ጭራው "ዚዝ" ብሎ ወደ ቀኝ ሄደ፣ "ዚዝ" ብሎ ወደ ግራ። ሲሳይ ደጋግሞ አንቀሳቀሰው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ልነግራችሁ አልችልም፣ ብቻ እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር፣ አይታው ተመለሰች።

"እንግዲህ ማን ሊያበረው ነው?" አልኩት፣ አውቄ።

"አንተ።"

"እኔ ጎሚስታ ነኝ፣ ምድር ላይ ያለውን ነው የማውቀው። ከፍታ ያንተ ነው። የተሰበረው እግርህ እንጂ ጣትህ አይደለም።"

ጭራውን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አስኬደው። ከዛ "እሁድ ጠዋት" አለ። "ሸጎሌ፣ ሜዳው ላይ። ከግቢው በር ታክሲ ተሳፍሬ፣ ስመለስም እዛው በር ላይ እወርዳለሁ። ግን ማንም እንዳያውቅ። አንድ ሰው ቆሞ 'አይዞህ' ካለኝ ያኔውኑ እመለሳለሁ፣ ሁለተኛም አትጠይቀኝ።"

"በእናቴ፣ ማንም አይሰማም!"

የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለታምሬ። ታምሬ ደግሞ የታክሲ ረዳት ነው።

የቀረን ክንፉን ማጣበቅ ነበር። ክንፉ ሁለት ግማሽ ነው፣ መሃል ላይ ዘንግ ይገባና ሁለቱ ይጣበቃሉ። ከካርቶኑ ጋር የመጣው ማጣበቂያ ሁለት ቱቦ ሆኖ ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው፣ አንደኛው ግን ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ሲሳይ ወረቀቱን አነበበና "ለፎም የሚሆን ነው መፈለግ ያለብን። ያገኘኸውን አትቀባ" አለኝ። ቅዳሜ ነው። እሁድ ነገ ነው። እና ለጎሚስታ ማጣበቂያ ፈልግ ይባላል? ለዓሣ ውሃ ፈልግ እንደማለት እኮ ነው!

ክንፉን ይዤ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማስቲሽ አለኝ፣ ጎማ ውስጥ የሚነፋውን የከመነዳሪ ላስቲክ ሲቀደድ የምለጥፍበት። የሲኖትራክ ከመነዳሪ የያዘ ነገር ላባ የሚያህል ፎም ያቅተዋል? ቀዳዳው ውስጥ ጥሩ አድርጌ አፈሰስኩለት፣ ዘንጉን ሰደድኩ፣ ሁለቱን ግማሽ ገጠምኩ። "ጭስስስ" የሚል ድምፅ ከውስጥ ሰማሁ። እየነከሰ ነው፣ አልኩ በልቤ። እውነቴንም ነው፣ እየነከሰ ነበር። ከላይ ቀዩን ስቲከር ለጠፍኩበትና ሙሽራ አስመስዬ ይዤ ተመለስኩ።

"አገኘህ?" አለ ሲሳይ።

"አገኘሁ።"

"ይዟል?"

"ሲኖትራክ ብትሰቅልበት አይላቀቅም።"

አመነኝ። ሌላውን ሁሉ ጎተት ሲያደርግ የሰነበተ ሰው ክንፉን አልጎተተም። ወንድሙ ነኛ።

እሁድ ጠዋት እማዬ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋንና ጃንጥላዋን እንደያዘች ተሳፈረች። በእጇ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ፣ ልብ አላልኩትም። አውሮፕላኑን እኔ አቅፌ፣ ሲሳይ ጋቢና፣ ክራንቹ እግሩ መሃል። አውሮፕላኑ ካሜራ የለውም፣ ለፖሊስ ጣቢያውም ነግረን ነው የወጣነው፣ በዚህ እንዳትመጡብኝ። ሸጎሌ በግ የሚሸጥበትን አልፎ ከላይ ባህር ዛፉ ሥር ያለችው ሜዳ ስንደርስ...

ሰው! ሰፈሩ በሙሉ! ታምሬ ከፊት ሆኖ እንደ መርካቶ ተሳፋሪ ሰው እየሰበሰበ ነው።

ሲሳይ ከጋቢና ሳይወርድ "ማነው የጠራቸው?" አለኝ።

"ማንም። ሰው ፀሐይ ሊሞቅ ወጥቶ ይሆናል።"

"ሁሉም አንድ ቦታ?"

"ፀሐይዋ እዚህ ጋ ጥሩ ናት።"

አልሳቀም። ወደ ሾፌሩ ዞሮ "ወንድሜ፣ አዙረው" አለ። አበቃ። ዛሬ ከተመለሰ ያ በር ሁለተኛ እንደማይከፈት እኔም አውቃለሁ፣ እማዬም ታውቃለች። አውሮፕላኑን ሣሩ ላይ አስቀምጬ በመስኮቱ ልለምነው ስጠጋ ከኋላዬ የእማዬን ድምፅ ሰማሁ።

"በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ..."

ዞርኩ። እናቴ ጠርሙሱን ከፍታ አውሮፕላኑን እያጠመቀችው ነው!

"እማዬ! ኤሌክትሪክ ነው እኮ!"

"ታክሲውስ ኤሌክትሪክ የለውም? ባለቤቱ አዲስ የገዛው ቀን ተረጭቶ አይደል እስከ ዛሬ የሚሄደው? አዲስ ነገር ሳይረጭ አይነዳም!" እሷ ደግሞ ጠብ ጠብ አድርጋ የምትተው ሴት አይደለችም። ከአፍንጫው እስከ ጭራው አወረደችለት።

"እማዬ ባትሪው! ባትሪው!"

ይሄ የኔ ድምፅ አልነበረም። ሲሳይ ነው። የጋቢናውን በር በርግዶ፣ ክራንቹን ይዞ፣ ያን ሁሉ ሰው ረስቶ በሣሩ ላይ እየመጣ ነው። ልብ በሉ፣ እኔ በልመና፣ ሐኪሙ በምክር ያላወረድነውን ሰው ከታክሲ ያወረደው ጠበሉ ነው። አሁንም አበላሸች በሉ!

ተቀምጦ በሸሚዙ ጠራረገው። ባትሪውን ሰካው። ሞተሩ ዝም። ጭራው ግን ማንም ሳይነካው እንደ ድመት ጆሮ ብርግግ ብርግግ ይላል።

ታምሬ ጮኸ። "ጠበሉ ያዘው! ልቀቅ በሉት! የሰፈሩን ሰው ስም ሊለፈልፍ ነው!"

ሰው በሳቅ ወደቀ። እኔ ተናደድኩ፣ ለእማዬ "ይኸው! አበላሸሽው! ደስ ይበልሽ!" ብዬ ጮህኩባት። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"ዝም በል" አለ ሲሳይ። "ውሃ ነው፣ ይደርቃል። ክንፉን እንፍታና ውስጡን ፀሐይ ይምታው።"

ክንፉን ከላይ ያዘና ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሳበው። ያን ጊዜ "ቀጭ" አለ። ክንፉ መሃል ለመሃል እጁ ላይ ተከፈለ።

ውስጡ ባዶ ነው። አይጥ የበላው ዳቦ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ላዩ ቅርፊት፣ ውስጡ ዋሻ? እንደዛ። ዘንጉ በምንም አልተያዘም፣ ተንጠልጥሏል። ሁለቱን ክንፍ አንድ ላይ ይዞ የነበረው ቀዩ ስቲከር ብቻ ነው።

ሲሳይ አሸተተው። ቀና ብሎ አየኝ። "ምን ቀባህ?"

"ማስቲሽ።"

"ፎም ላይ? ያቀልጠዋል እኮ!"

"ሲኖትራክ የሚይዝ..." አልጨረስኩትም።

"ያም ልጅ" አለ ሲሳይ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ "አስሬያታለሁ እለፍ ነበር ያለኝ።"

ክንፉን ተቀብዬ ዋሻውን በጣቴ ነካሁት። ቀና ስል ሰዉን አየሁ። ባለሱቋ ልጇን አዝላ ቆማለች። እማዬ አውሮፕላኑ ሊያልፍ በታሰበበት በኩል ጃንጥላዋን ዘርግታ ቆማለች። ያ አፍንጫ ሞተር አለበት፣ ባትሪ አለበት፣ የሚሽከረከር ነገር አለበት። ክንፉ ከላይ ቢለያይ የት ነበር የሚወርደው? ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እፎይ የሚለውን ቃል ድሮ የምለው ሲደክመኝ ነበር። ትርጉሙን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

አሁን ተነስቶ ወደ ታክሲው ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ። አልሄደም። የእማዬን ጃንጥላ አየ፣ ባህር ዛፉን አየ፣ እኔን አየ።

"እማዬ፣ ጃንጥላሽን ስጪኝ።"

"ፀሐዩስ?"

"ነጠላሽን ተከናነቢ።" ተቀብሎ ብረቶቹን አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። "ታምሬ፣ ከዛ ዛፍ ቀጥ ያለች ቀጭን እንጨት አምጣ። ጠማማ ካመጣህ አንተን ነው የማስረው። ታክሲው ውስጥ ወንበር የምትለጥፉበት ፕላስተር ካለ እሱንም። ቢኒ!"

"አቤት።"

"ከመነዳሪ።"

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእኔ ሙያ የሚገባው! ጎሚስታ ቤቴ ከሜዳው ቁልቁል ነው፣ በርሬ ሄድኩ፣ ያረጀ ከመነዳሪ ይዤ በርሬ መጣሁ። እንደ ቀለበት በቀጭኑ እየቆረጥኩ ላስቲክ አወጣሁለት። በእንዲህ ያለ መቁረጥ አዲስ አበባ ውስጥ የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣ። ሲሳይ የጃንጥላውን ብረት በክንፉ ርዝመት ከላይና ከታች አስተኛ፣ የተሰበረ እጅ እንደሚታሰረው በእንጨቷ ደገፈው፣ በፕላስተር ጠመጠመው። እኔ ደግሞ ክንፉን ከአካሉ ጋር በላስቲኩ አሰርኩ።

"ይዟል" አልኩ።

ጎተተው። ተፈታ። "እንደገና።"

አሰርኩ። ጎተተ። "እንደገና።"

ታምሬ ከኋላ "ሲሳይ መጣ! የድሮው ሲሳይ!" አለ። ማንም አልሳቀም፣ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ቋጠሮውን ያያል። በመጨረሻ ጎተተ፣ አልተፈታም። ደግሞ ጎተተ። "አሁን አሰርክ" አለኝ። እስከዚያ ውስጡም ደርቋል፣ ጠበል ያዘው የተባለው ጭራም ተረጋግቷል። ማራገቢያውን መጨረሻ ላይ ገጠመና ሰዉን በሙሉ ወደ ኋላ መለሰ።

አስነሺው እኔ ነኝ። አዎ፣ በእጅ ነው! መንኮራኩር የሌለው አውሮፕላን በእጅ ነው የሚነሳው፣ ከዛ በኋላ ያለው የሞተሩ ነው። እናንተ መነሻውን አይታችሁ መድረሻውን ሳታዩ ነው የምታወሩት። ሞተሩ ጮኸ፣ "ልቀቀው!" አለ ሲሳይ፣ ለቀቅኩት።

መጀመሪያ ወደ መሬት ወረደ። ሰዉ "ወይኔ!" አለ። ከዛ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ ወደ ግራ እንደ ሰካራም ዘመም ብሎ፣ ባህር ዛፉን አልፎ ወጣ። በጃንጥላ ብረት፣ በከመነዳሪ፣ በታክሲ ፕላስተር! ዞረ። ደግሞ ዞረ። ሲሳይ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ "ቀስ፣ ቀስ፣ እንደሱ የኔ ልጅ" ይለዋል። ያፏጭ ነበር። ወንድሜ ያፏጭ ነበር! እማዬ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ሰፈሩ ተቀበላት።

ከዛ ነፋስ መጣ። አውሮፕላኑ ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ቀጥ ብሎ ወደ በጉ ገበያ። በጎቹ የምጽዓት ቀን መስሏቸው በየአቅጣጫው ተበተኑ። ከአቧራው ውስጥ አንድ ሽማግሌ በግ ነጋዴ አውሮፕላናችንን በክንፉ እንደ ዶሮ አንጠልጥለው ብቅ አሉ።

"የማን ነው ይሄ? ባለቤቱ ይምጣ!"

"እኔ እሄዳለሁ" አልኩ።

"ባለቤቱ እኔ ነኝ" አለ ሲሳይ። ክራንቹን ይዞ ቁልቁለቱን ጀመረ። ሁላችንም ከኋላው። አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈራሁት፣ ሰውየው ክራንቹን አይተው ያቺን ቃል እንዳይሏት። ደረሰ። ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ክራንቹን አዩት። 

"አንተ ነህ?" አሉ። "ዓይን የለህም? ከብት የሚሸጥበት ቦታ ብረት ታወርዳለህ? ያ ሙክት ልቡ ፈስሶ ቢከሳብኝ አንተን ነው አስሬ የምሸጥህ! ባለጌ!"

ባለጌ! ሲሳይን ከወደቀ ወዲህ እንደ ሰው የሰደበው የለም። ፊቱ ፍም መሰለ፣ ከዛ ጥርሱ ታየ።

"አባባ፣ እኔ በሰማዬ ነው የሄድኩት። በጎችዎ ናቸው ማኮብኮቢያ ላይ የተኙት።"

ሽማግሌው ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳቅ አመለጣቸው። ሲሳይም ሳቀ፣ ክራንቹን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ። የተበተኑትን በጎች እስኪሰበስቡ ድረስ እዛው ቆሞ አቅጣጫ ሲያሳይ፣ "በዛ በኩል ታምሬ! ቀንዳሙን!" እያለ ሲጮህ ዋለ። ወደ ቤት ስንመለስ በር ላይ አልወረደም። ከታች፣ ከአስፋልቱ ወረደና ዳገቱን በእግሩ ወጣ፣ በየደጁ እየተሰደበና እየተሳደበ።

ይኸው ነው። ዛሬ ሲሳይ ሳይት ተመልሷል። አይወጣም፣ ከታች ሆኖ ሌሎቹ ያሰሩትን ይጎትታል። "እንደገና" ሲል ሰው ሁሉ ይሰማዋል። እኔም ተለውጫለሁ። ጉራዬን ማለቴ አይደለም፣ እሱ በደሜ ነው። ግን ጎማ ከገጠምኩ በኋላ ብሎኑን አጥብቄ፣ ዞሬ መጥቼ ደግሞ አጠብቃለሁ። ደንበኛ "ኧረ ቸኩያለሁ፣ ይዟል በቃ" ሲለኝ "ይዟል የሚባለው ከተጎተተ በኋላ ነው" እለዋለሁ። እናንተም ታማሚ ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ እስኪ ያቺን "አይዞህ" ለአንድ ቀን ተዋትና ሰውየውን በወጉ ስደቡት። መድኃኒት ነው።

አላምንም ያለ ካለ ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው። ሸጎሌ ውረዱና ሽማግሌውን በግ ነጋዴ ጠይቁ፣ ሙክቱ እንዳልከሳም ይነግሯችኋል። ታምሬን ጠይቁ፣ ሳትጠይቁትም ይነግራችኋል። እማዬን ጠይቁ፣ ብረት የጎደለው ጃንጥላዋን አውጥታ ታሳያችኋለች፣ ጠርሙሱንም አዘጋጅታ ነው የምትጠብቃችሁ። ሂዱ! ሜዳው ላይ የነበረ ማንንም ጠይቁ!